የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ፤ በሰው አነጋገር ስላለመሳቅ

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ጸጋ ሁሉ አንዱ አንደበት ነው። ሰው በአንደበቱ ይጸልያል፥ ይማራል፥ ይፈርዳል፥ ከባልንጀራውም ጋር ይታረቃል። ነገር ግን ይኸው ሰውን ከሰው የሚያገናኘው አንደበት ሰውን ከሰው የሚለይበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ሁለት ቃል ሳይጨርስ፥ የሚሰማው ሰው የወዴት አገር ሰው እንደ ሆነ ያውቅበታል፤ ካወቀም በኋላ ነገሩን እስከ ፍጻሜው ሳይሰማ በጠባዩና በዕውቀቱ ላይ ይፈርድበታል። በመጽሐፈ መሳፍንት በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፥ የኤፍሬም ሰዎች አንዲት ፊደል አጥርተው መጥራት ስላልተቻላቸው በዮርዳኖስ መሻገሪያ ተለይተው ታወቁ፤ በዚያም ዘመን ከኤፍሬም 42000 ሰው ወደቀ። ሐዋርያው ጴጥሮስም በሊቀ ካህናቱ ግቢ ሊሰወር በወደደ ጊዜ የገሊላ አነጋገሩ ገለጠው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጋሸና በደጋ ላይ ያለች የመንገድ መገናኛ ናት። በምሥራቅ ከወልድያ፥ በምዕራብ ከደብረ ታቦር፥ በሰሜን ከላሊበላ፥ በደቡብ ከዋድላና ከደላንታ የሚመጣ መንገደኛ በእርስዋ ያልፋል። ስለዚህ የላስታው፥ የየጁው፥ የበጌምድሩና የደላንታው አነጋገር በአንድ ገበያ ይሰማል። ከዋግ የሚመጣውም ሰው በቤቱ ኽምጣኛ የሚናገር እንደ ሆነ አማርኛውን በእናቱ ቋንቋ ዜማ ይናገረዋል። የአንዱ ቃል ይጠብቃል፥ የሌላው ይላላል፤ አንዱ ነገሩን ያስረዝማል፥ ሌላው ያሳጥራል። እያንዳንዱ ግን የራሱ አነጋገር ቀና፥ የባልንጀራው ጠማማ ይመስለዋል፤ የገዛ ድምፁን በሌላ ሰው ጆሮ ሰምቶት አያውቅምና። በትምህርት ቤትም ከሌላ አገር አዲስ ልጅ በመጣ ጊዜ ልጆች አነጋገሩን እያስመሰሉ ይስቁበታል። የተሳቀበትም ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ ሳይመልስ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

ይህ ሳቅ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ከሳቅ በኋላ ጆሮን መክፈት ግን ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ የአባ ጎርጎርዮስ ታሪክ ያስተምረናልና፥ ከዚህ ቀጥሎ እንጽፈዋለን። የዘመኑን ቍጥር በአውሮፓውያን አቈጣጠር አድርገነዋል።

አባ ጎርጎርዮስ በ1600 ገደማ በጥንቱ በአምሐራ አገር መካነ ሥላሴ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ከጋሸና ተነሥቶ ወደ ደቡብ ዋድላንና ደላንታን አልፎ የበሽሎን ወንዝ የተሻገረ ሰው ወደዚያ ወደ ጥንቱ አምሐራ ይገባል፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከሚባለው ክፍል ነው። በመካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩት፥ ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት እጅግ የተዋበ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ በ1531 ግን በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ። አባ ጎርጎርዮስ ከዚያ ጥፋት በኋላ ከተከበሩ ሰዎች ወገን ተወልደው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ነበረ፤ የመጽሐፋቸው ቋንቋ ግዕዝ ነበረ። በዚያን ዘመን አማርኛ ልሳነ ንጉሥ ይባል ነበር፤ በግቢም በሰፈርም በገበያም ይነገራል። ነገር ግን ሊቃውንቱ ለመጽሐፍ የሚገባው ግዕዝ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበረ፥ በአማርኛ የሚጻፈው እጅግ ጥቂት ነበረ።

አባ ጎርጎርዮስ ባደጉበት ዘመን በአገራችን በሃይማኖት ምክንያት ጽኑ ጠብ ተነሣ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን ገለጡ፤ በ1625ም ከፖርቱጋል ወገን የሆነ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሕዝቡ የአባቶቹን ሥርዓት እንዲለውጥ በታዘዘ ጊዜ ብዙ አገር ሸፈተ። ከሁሉም ይልቅ የላስታ ሰዎች ከ1629 ጀምሮ መልክአ ክርስቶስ የሚባለውን መሪ አድርገው በተራራቸው ላይ ተዋጉ። በ1632 በተደረገው በታላቁ ውጊያ ከላስታ ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሡ ድል ቢያደርጉም የገዛ ሕዝባቸውን ሬሳ ባዩ ጊዜ አዘኑ፥ ሁሉም ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስም ዐወጁ፤ በዚያውም ዓመት ሞቱ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የሮማ ካህናት ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከእነዚህ ካህናት ጋር ተወዳጅተው ስለ ነበረ እሳቸውም ከዘመዶቻቸውና ከአገራቸው ተለይተው ተሰደዱ። ብዙ ምድርና ብዙ ባሕር ካለፉ በኋላ ሮማ ገቡ።

በሮማ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የሚባል አለ። ይህ ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለመሳለም ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን ማረፊያ ሆኖ ነበር። የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተሙት በዚህ ቤት ተቀምጠው ነው። አባ ጎርጎርዮስም ከሌሎች ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር በዚህ ቤት ኖሩ። ቋንቋቸውን ከባልንጀሮቻቸው በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሰው በሰው አገር ሲኖር ከምግቡና ከልብሱ ይልቅ የሚናፍቀው በእናቱ ቋንቋ የሚጠራውን ድምፅ ነው።

በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጎልማሳ ወደ ሮማ መጣ። እርሱ በጀርመን አገር ኤርፉርት በምትባል ከተማ በ1624 የተወለደ፥ ሕግ የተማረ፥ ለቋንቋም ታላቅ ፍቅር ያለው ሰው ነበረ፤ በዕድሜው ሁሉ 25 ያህል ቋንቋ እንዳወቀ ይነገርለታል። ግዕዝን ከልጅነቱ ጀምሮ ወድዶት ነበር፤ ነገር ግን የሚያስተምረው መምህር ስላላገኘ ከመጻሕፍት ብቻ ለቅሞ ተማረው። ከመጻሕፍቱም አንዱ ዌመርስ የሚባል መነኵሴ በ1638 በሮማ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ነበረ። ሉዶልፍ ከዚያ ቀን በፊት ግዕዝ ከኢትዮጵያዊ አፍ ሲወጣ አልሰማም ነበር።

ወደ ሮማ የመጣበት ጕዳይ ሌላ ቢሆንም፥ ኢትዮጵያውያን በዚያ መኖራቸውን በሰማ ጊዜ ፈልጎ አገኛቸው። በመጀመሪያ የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር፤ አስተርጓሚውም ከፖርቱጋል ወገን ሆኖ በኢትዮጵያ የተወለደ አንቶንዮ ደ አንድራዴ የሚባል ሰው ነበረ። ሉዶልፍ ግዕዝ ሊማር እንደሚወድ በነገራቸው ጊዜ፥ ይህ ቋንቋ ታላቅና ጥልቅ ስለ ሆነ ወደ ኢትዮጵያ ሄዶ ብዙ ዘመን ካልተቀመጡ በቀር በአውሮፓ ሊማሩት አይቻልም ብለው መለሱለት። እርሱ ግን ጥቂት ያውቅ እንደ ነበረ ነግሮ መጽሐፍ እንዲሰጡት ለመነ። መጽሐፍም ተሰጠው፥ ማንበብም ጀመረ።

ንባቡን በሰሙ ጊዜ ኢትዮጵያውያኑ ሳቃቸውን መግታት ተሳናቸው፤ ከሁሉም ይልቅ አባ ጎርጎርዮስ ሳቁ። የግዕዝ ንባብ ቤት የገባ ሰው የሳቁን ምክንያት ያውቀዋል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል የሚለይ ምልክት በመጽሐፍ ላይ የለም፤ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ የሚባለውን የንባብ ስልት ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየሰማ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይማረዋል እንጂ በቀለም ተጽፎ አያገኘውም። ጠ፥ ጰ፥ ጸ፥ ቀ የሚባሉትን ፊደላትም በሌላ አገር ያደገ ምላስ ሳይለማመድ ሊጠራቸው አይችልም። እንግዲህ መምህር የሌለው፥ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ንባቡ ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል። በአገራቸው ቢሆን የንባብ ተማሪ ልጅ እንኳ እንደዚያ አያነብም ነበር።

ሉዶልፍ ግን በሳቁ አልተቈጣም፥ መጽሐፉንም አልዘጋም። አንብቦ ሲጨርስ ያነበበውን ይተረጕም ጀመር። በዚያን ጊዜ ሳቁ ወደ መደነቅ ተለወጠ። በገዛ አገራቸው በመምህር እግር ሥር ብዙ ዓመት ተቀምጠው በድካም የተማሩትን ቋንቋ፥ ይህ ጎልማሳ ያለ መምህር ምሥጢሩን እንዳገኘው አዩ። ምላሱ የተሰናከለው ሰው ልቡ አልተሰናከለም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባ ጎርጎርዮስ መምህር፥ ሉዶልፍ ተማሪ ሆኑ፤ ወዲያውም ሁለቱ እንደ አባትና እንደ ልጅ ተዋደዱ።

በዚህ ስፍራ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። አባ ጎርጎርዮስ የሳቁት ክፉ ሰው ስለ ሆኑ አይደለም፤ እንግዳ ድምፅ ድንገት በሰማ ጊዜ የማይስቅ ሰው ጥቂት ነውና። የሚመሰገኑበት ግን ሳቁ ካለፈ በኋላ እስከ መጨረሻው መስማታቸው ነው። የንባቡን ስሕተት ብቻ ሰምተው ቢነሡ ኖሮ ሉዶልፍ አፍሮ በሄደ፥ እሳቸውም በስደታቸው አገር ያገኙትን እውነተኛ ወዳጅ ሳያውቁት ባጡት ነበር። ሉዶልፍም የሚመሰገንበት አለው፤ ስለ ሳቁበት ቢቈጣና ቢሄድ ኖሮ የሚፈልገውን መምህር ባላገኘም ነበር። ስለዚህ የሚስቀው ሰው መስማትን፥ የሚሳቅበትም ሰው መታገሥን ቢማር ሁለቱም ያተርፋሉ።

ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሁለቱ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ሊነጋገሩ በወደዱ ጊዜ ግዕዝን መነጋገሪያ አደረጉት። ግዕዝ ግን ለሁለቱም የመጽሐፍና የጸሎት ቋንቋ ነበረ እንጂ የዕለት መነጋገሪያ አልነበረም። ሉዶልፍ ከመጽሐፍ እንጂ ከአፍ አልተማረውም፤ አባ ጎርጎርዮስም ለጨዋታና ለጕዳይ አማርኛ ለምደዋል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ሌላው እንግዳ የሆነበት አልነበረም፤ ሁለቱም እንግዶች ነበሩ። የቃል መቸገር ሁለቱን እኩል ስላገኛቸው አንዱ በሌላው ላይ የሚኰራበት ነገር ጠፋ።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1652 ጎታ የምትባለውን አገር የሚገዙት መስፍን ኤርነስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን ጠሩ። እኚህ መስፍን እግዚአብሔርን በመፍራታቸው የታወቁ ነበሩ፤ በግዛታቸውም ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ በ1642 ሥርዓት አውጥተው ነበር። በዚያን ጊዜ የጀርመን አገር ቍስሉ ገና አልደረቀም ነበር። ከ1618 እስከ 1648 ድረስ 30 ዓመት ሙሉ በሃይማኖትና በመንግሥት ምክንያት ተዋግተው መንደሮች ጠፍተው፥ እርሻዎች ጠፍ ሆነው ነበርና። መስፍኑ በዚያ ወራት የሚሠሩትን አዲሱን ቤተ መንግሥታቸውን ፍሪደንሽታይን ብለው ጠሩት፤ ትርጓሜውም የሰላም ድንጋይ ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። አባ ጎርጎርዮስ የላስታ ተራራ በወንድማማች ደም ከታጠበበት ዘመን የወጡ ሰው ናቸው፤ ሉዶልፍም በጦርነት ውስጥ ተወልዶ በጦርነት ውስጥ ያደገ ሰው ነው። አንዱ ከሮማ ካህናት ጋር የተወዳጀ፥ ሁለተኛው የሉተርን ትምህርት የያዘ ነበረ፤ በሁለቱም አገር ስለዚህ ልዩነት ሰው ተገዳድሎአል። እነርሱ ግን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ስለ አንድ ቃል ትርጓሜ ይመራመሩ ነበር። የግዕዝ ቃል የሰላም ቤታቸው ሆነ።

አባ ጎርጎርዮስ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም ገደማ በጎታ ተቀመጡ፤ ያ ወራት ለእኛ ክረምት ሲሆን ለጀርመን አገር የሙቀት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ በሮማ የሉዶልፍ ምላስ ነበር የተሰናከለው፥ በጎታ ግን በሕዝቡ መካከል እንደ ዲዳ የሆኑት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ከአደባባዩ ድምፅ አንዱን ቃል ከሌላው አይለዩም፤ ያለ ሉዶልፍም ከመስፍኑ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፥ ስለ ነገሥታቱ፥ ስለ ሕዝቡ ኑሮ ይጠይቁ ነበር፤ ሉዶልፍ ያስተረጕማል፥ መልሱንም ይጽፋል። መስፍኑና ባለሟሎቻቸው በእንግዳው አነጋገር አልተሳለቁም፤ በአክብሮት ጠየቁ፥ በትዕግሥትም ሰሙ። የሰሙትም ነገር በአውሮፓ ከዚያ በፊት ተጽፎ ከነበረው ከብዙው የተረት ወሬ ይልቅ የታመነ ሆነ።

ሉዶልፍ ግዕዝን ብቻ ተምሮ አልቀረም። በመዝሙረ ዳዊትና በወንጌል የማይገኝ የቤትና የመንገድ ንግግር እንዳለ፥ ያም ንግግር አማርኛ እንደ ሆነ ከአባ ጎርጎርዮስ ዐወቀ። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለመጽሐፍ አይገባም ብለው የተዉትን ቋንቋ ቃል በቃል እየጠየቀ ጻፈው። አባ ጎርጎርዮስም ይህ የሰፈር ንግግር ነው ብለው ሳይንቁ፥ በእናታቸው ቤት የለመዱትን ቃል አስተማሩት። እንዲህ በማድረጋቸው የመካነ ሥላሴ አገር አማርኛ ከ300 ዓመት በላይ በፊት እንዴት እንደ ነበረ ለእኛ ምስክር ሆኖ ቀረ።

ብርዱ ሳይበረታ አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ተነሥተው ወደ ኢጣልያ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት አልተገናኙም፤ ነገር ግን በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር። ሉዶልፍ ያልገባውን ቃል ይጽፋል፥ አባ ጎርጎርዮስም ይመልሳሉ። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ነገር ግን የስደተኛ ልብ በአገሩ ነውና፥ አባ ጎርጎርዮስ በመጨረሻው ወደ ኢትዮጵያ ሊመለሱ ተነሡ። በ1658 በሶርያ ዳርቻ እስክንድሮና በምትባል ወደብ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። የበሽሎንም ወንዝ ዳግመኛ አላዩም።

ወዳጃቸው ግን አልረሳቸውም። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በሮማይስጥ ቋንቋ በፍራንክፈርት ሲያሳትም፥ ያስተማሩትን ሰው ስም እየጠራ ይህን ያገኘሁት ከአባ ጎርጎርዮስ ነው ብሎ መሰከረ። በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። የአባ ጎርጎርዮስም መልክ በመዳብ ተቀርጾ ታተመ። በ1698 ደግሞ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ከዚያ በፊት የታተመ የአማርኛ ሰዋስው አልነበረም። ይህ የሆነው መምህሩ በሞቱ በ40 ዓመት፥ ተማሪውም የ74 ዓመት ሽማግሌ በሆነ ጊዜ ነው። ሉዶልፍ በ1704 በፍራንክፈርት ሞተ። ወደ ኢትዮጵያ ከቶ ሳይመጣ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋ ትምህርት በአውሮፓ መሠረት የጣለ እርሱ ነው፤ ለመሠረቱም ድንጋዩን ያቀበሉት ከወሎ ምድር የወጡት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር ብዙ ነው። መጀመሪያ፥ አነጋገር የሰውን አገር ያሳያል እንጂ የሰውን ዕውቀት አይመዝንም። ሉዶልፍ ፊደሉን ሲያጣምም ምሥጢሩን ያውቅ ነበር፤ ፊደሉን አሳምሮ የሚጠራ ሆኖ ምሥጢሩን የማያውቅ ደግሞ በየስፍራው አለ። ሁለተኛ፥ ዛሬ በሌላው አነጋገር የምንስቅ እኛ ነገ በሰው አገር እንግዳ እንሆናለን፤ በዚያም ቀን በትዕግሥት የሚሰማን ሰው እንመኛለን። ሦስተኛ፥ ከእናታችን የተቀበልነውን ቋንቋ ልናፍርበት አይገባም፤ የአባ ጎርጎርዮስ የቤት አማርኛ በመጽሐፍ ታትሞ በሩቅ አገር ሊቃውንት ዘንድ እንደ ተከበረ አይተናልና። ኽምጣኛ የሚናገርም፥ ኦሮምኛ የሚናገርም፥ ትግርኛ የሚናገርም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን የአባቶችን ምሳሌ አስቡ፤ የፌዝ ቃልም ከወጣች በኋላ አትመለስም። ከዋግ ወይም ከደላንታ ወይም ከሌላ አገር የመጣ ልጅ ከአጠገባችሁ ተቀምጦ መናገር በጀመረ ጊዜ፥ ድምፁ ለጆሮአችሁ እንግዳ ቢሆን ቃሉን እያስመሰላችሁ አታሳፍሩት። ሳቅ ቢያመልጣችሁም ወዲያው ዝም ብላችሁ ነገሩን እስኪጨርስ ስሙት፥ ያልገባችሁንም በትሕትና ጠይቁት። የተሳቀበትም ልጅ እንደ ሉዶልፍ መጽሐፉን ሳይዘጋ እስከ ፍጻሜው ያንብብ። አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ ወዳጅ የሆኑት በዚህ መንገድ ነው።